«በሕግ አምላክ!» በቲክቶክ፦ የጎንደር የሕግ ተማሪዎችና የጠበቆች አዲስ ገበያ

ማኪያቶዋ ቀዝቅዟል። ወተቱ ስስ ቆዳ ሠርቷል። እሷ ግን ዐይኗን ከስልኳ አላነሳችም።

ጎንደር ፒያሳ፣ አንዲት ጠባብ ካፌ ውስጥ ነን። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የ5ኛ ዓመት የሕግ ተማሪ። ካፕከት ከፍታ የአንድ ጠበቃ ቪዲዮ ትቆርጣለች። ጠበቃው ከረባቱን አጥብቆ፣ የሰበር ውሳኔ ቅጾችን ከጀርባው ደርድሮ፣ «ቀብድ ተቀብለህ ቃልህን ብታፈርስ ምን እንደሚጠብቅህ ታውቃለህ?» ይላል። «እእ» ያለበትን ታወጣለች። የበር ድምፅ የገባበትን ታወጣለች። መጨረሻ ላይ በትልልቅ ቢጫ ፊደል «እጥፍ ትመልሳለህ!» ብላ ትለጥፍበታለች።

«ሐሳቡ የማን ነው?» አልኳት።

«የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነዋ! ቁጥር 1885» ብላ ሳቀች። «ስክሪፕቱ ግን የኔ ነው ጋሼ። እሱ የሚያነበው እኔ የጻፍኩትን ነው።»

በቪዲዮ ይከፍላታል። ስንት እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ ለእሱም ለእሷም ያሳፍራል። ያም ሆኖ ለካፌና ለዳታ ይበቃል። ደግሞ ከኮፒ ቤት ተላላኪነት ይሻላል።

እኔም በዚሁ ሙያ ተመርቄ፣ ጥቂት ዓመት ነገረ ፈጅ ሆኜ ሠርቼ የወጣሁ ሰው ነኝ። በእኛ ጊዜ ጠበቃ ስሙን የሚያስተዋውቀው በሩ ላይ በተሰቀለች የቆርቆሮ ታፔላ ነበር። ስም፣ «ጠበቃና የሕግ አማካሪ»፣ ስልክ ቁጥር፤ በቃ። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ነውር ይመስለን ነበር። አሁን ያው ታፔላ ኪስ ውስጥ ገብቷል። ይናገራል፣ ይስቃል፣ «ፎሎው አድርጉኝ» ይላል። ታፔላውን የሚቀቡት ደግሞ ተማሪዎች ሆነዋል። ሰው ሁሉ ጠበቃ በቲክቶክ ራሱን ማስተዋወቁ ተገቢ ነው አይደለም ብሎ ይከራከራል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከጠበቃው ስም ጀርባ ሆኖ ለሰው የሚመልሰው ማን ነው? በየትኛው ፈቃድ? ስለየትኛው ሕግ?

አዲስ ነው እንዴ?

ሙሉ በሙሉ አዲስ ነው ለማለት ይከብደኛል። አያቶቻችን «በላ ልበልሃ» የሚባለውን ሙግት ቆመው ያዩ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም የወከሉት አንደበተ ርቱዕ ሰው፣ ሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ኩታውን እያጣፋ፣ ጣቱን እየቀሰረ፣ ነገሩን በግጥምና በምሳሌ ያቀርባል። ሰው ከቦ ያዳምጣል። የረታው ሰው ስሙ ከችሎቱ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ነገር ያለበት ሁሉ «ያን ሰውዬ ፈልጉልኝ» ይላል። ማስታወቂያ ማለት ይህ ነው። ልጆችም እዚያው ቆመው ሙግት ይማሩ ነበር። ምስለ ችሎት የሚባለው ውድድር ሳይመጣ በፊት ምስለ ችሎቱ አደባባዩ ነበር።

ልዩነቱ አንድ ነው፤ ግን ትልቅ ነው። የበላ ልበልሃው ሰው የሚናገረው እውነተኛ ጉዳይ ይዞ፣ ዳኛ ፊት፣ ተቃዋሚው አፍንጫው ሥር ቆሞ ነው። ቢዋሽ እዚያው ይሸነፋል። የቲክቶኩ ሰው ተቃዋሚ የለውም። የሚረታውም የሚያስረታውም ኮሜንት ነው።

በመካከሉ ደግሞ ሌላ ገበያ ኖሯል፤ ብዙ አይወራለትም እንጂ። ጉዳይ ገዳዩ። ፍርድ ቤት በር ላይ ቆሞ፣ ከገጠር የመጣውን ባላገር በፊቱ አውቆ፣ «ጠበቃ ትፈልጋለህ? ዳኛውን የሚያውቅ ሰው አለኝ» የሚለው። ኮሚሽኑን ከሁለቱም ወገን ይቀበላል። ቃል የገባውን ማንም አልጻፈበትም፣ ማንም አልቀዳበትም። በዚህ ሚዛን ሳየው የጠበቃው ቪዲዮ ንጹሕ ነገር ነው። ቢያንስ የተባለው ተቀድቶ ተቀምጧል። «እንዲህ ብለህ ነበር» ማለት ይቻላል።

ድርጅት መሆን ሲፈቀድ

ገበያውን ያሞቀው ቴክኖሎጂው ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249 አንድ ትልቅ በር ከፍቷል። ከዚያ በፊት በነበረው አዋጅ ቁጥር 199/1992 ዘመን ጠበቃ ማለት አንድ ሰው ነው። ፈቃዱ የሱ፣ ደንበኛው የሱ፤ እሱ ሲሞት ቢሮውም አብሮት ይቀበራል። አዲሱ አዋጅ ጠበቆች በሽርክና ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። አይደለም። ድርጅት ሲኮን ስሙ ከሰውየው ይለያል። ስም ሲለይ ስሙን ማሳደግ ይመጣል። ዐርማ፣ ድረ ገጽ፣ ሊንክድኢን፣ በጎግል ካርታ ላይ ምልክት። አዲስ አበባ ያሉት ትልልቆቹ ይህንን ቀድመው ገብተውበታል። ድረ ገጻቸው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያናግሩት የውጭ ባለሀብትን ነው። ቻምበርስ የመሳሰሉ ዓለም አቀፍ የጠበቃ መዘርዝሮች ላይ ስማቸው እንዲወጣ ይሠራሉ። አንድ የአውሮፓ ኩባንያ ኢትዮጵያ ውስጥ ጠበቃ ሲፈልግ የሚከፍተው እሱን ነው። እዚያ ሰፈር ቲክቶክ የለም።

ጎንደር ሌላ ነው። እኔ የማውቃቸው ቢሮዎች አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማኅተምና አንዲት ጸሐፊ ናቸው። ደንበኛው የውጭ ኩባንያ ሳይሆን ውርስ የተጣላ ወንድምና እህት፣ ፍቺ የጠየቀች ሚስት፣ ደመወዙን የተከለከለ ዘበኛ፣ ድንበር የተገፋበት ገበሬ ነው። እንግሊዝኛ ድረ ገጽ አያስፈልገውም። ስልኩ ላይ ያለው ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ነው። ስለዚህ የሕግ ማስታወቂያ እዚህ ሲመጣ የመጣው በአጭር ቪዲዮ መልክ ነው። ቪዲዮ ደግሞ ጊዜ ይበላል። ጠበቃው ጠዋት ችሎት፣ ከሰዓት ቀጠሮ፣ ማታ ክርክር ጽሑፍ ላይ ነው። ማን ይሥራለት? ማራኪ ግቢ ውስጥ ሕግ የተማረ፣ ስልክ የያዘና ገንዘብ የቸገረው ወጣት ሞልቷል።

ተማሪው ምን ያገኛል?

የተማሪዋን ሒሳብ እንየው። ሕግ 5 ዓመት ነው። ከዚያ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። የሕግ ተማሪ ግን ከሌላው ዓመታት ቀድሞ ነው ይህን ፈተና የለመደው። አለፈች እንበል። ጠበቃ ትሆናለች? አትሆንም። የሥራ ልምድ ያስፈልጋል፤ የጥብቅና መግቢያ ፈተናም አለ። ልምዱን ለማግኘት ሥራ ትፈልጋለች። ሥራው ልምድ ይጠይቃታል። ይህን አዙሪት የማያውቅ ተመራቂ የለም።

በዚህ መሃል ቪዲዮው ብልጭ ያለ ነገር ነው። ከጠበቃ ጋር ያስተዋውቃል። አንድን አንቀጽ በ60 ሰከንድ፣ ለእናቷ በሚገባ አማርኛ እንድታስረዳ ያስገድዳታል። ይህ የዋዛ ችሎታ አይደለም። የሕግ ትምህርታችን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። የአማራ ክልል ፍርድ ቤት የሚሠራው በአማርኛ ነው። ስንቱ ተመራቂ ነው «ኮንሲደሬሽን» ላይ ድርሰት ጽፎ የክስ ማመልከቻ ላይ የሚንተባተበው! እኔ ራሴ የመጀመሪያውን የመከላከያ መልስ ስጽፍ «መቃወሚያ» እና «መከላከያ» ተምታተውብኝ አለቃዬ ወረቀቱን ዝም ብሎ መልሶልኛል። ይህች ልጅ ያን ችግር በቲክቶክ ተገላግላዋለች።

ችግሩ ስክሪፕቱ ላይ አይደለም። ችግሩ ቪዲዮው ከተለጠፈ በኋላ ይጀምራል።

ሰው ይጠይቃል። ኮሜንት ላይ፣ ኢንቦክስ ላይ፣ በድምፅ መልእክት፣ ሌሊት በ6 ሰዓት። ጠበቃው አያያቸውም። የገጹን ቁልፍ የያዘችው እሷ ናት። መጀመሪያ «ቢሮ ይምጡ» ብላ ትመልሳለች። ቀጥሎ ሰውየው ከመተማ መንገድ ዳር የሚጽፍ ሆኖ ታገኘዋለች፤ «ይምጡ» ማለት ያሳዝናታል። አንድ ዓረፍተ ነገር ትጨምራለች። ሌላ ትጨምራለች። ሳታውቀው የሕግ ምክር ሰጠች። በሕጋችን ጥብቅና ማለት ችሎት መቆም ብቻ አይደለም፤ የሕግ ምክር መስጠትም፣ ሰነድ ማዘጋጀትም በውስጡ ነው። ያለ ፈቃድ አይሠራም። ልጅቷ ፈቃድ የላትም። መልሱ የወጣው ግን በጠበቃው ስምና ፎቶ ነው።

ሰማያዊው በር

አንድ ማታ ስልኳን ይዛ ቤታችን መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም። ስሙን በአውራ ጣቷ ሸፍና አንድ መልእክት አስነበበችኝ። አንዲት ሴት ናት። አባቷ ከሞተ ዓመት አልፎታል። አዘዞ ያለውን ቤት ታላቅ ወንድሟ ይዞ አላካፍልም ብሏታል። ልጅቷ በትሕትና መልሳላታለች፦ መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያውጡ፣ ከዚያ የክፍፍል ጥያቄ ይቀጥላል። ሴትዮዋ አመስግና፣ ወንድሟ የትኛው ሰነድ እንደጎደለው፣ እሷ ምን ምስክር እንዳላት፣ ሁሉንም ዘርዝራለች። ፎቶም ልካለች። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ ጎኑ ላይ የተቀደደ የምርጫ ፖስተር።

ከዚያ ወደ ታች ወረደችና ሌላ መልእክት ከፈተች። አራት ቀን ቆይቶ የመጣ ነው። ወንድ ነው። እህቱ ቤቱን አካፍለኝ እንዳለችው፣ ለጣሪያው ጥገና ያወጣው ገንዘብ እንዳለ፣ ደረሰኙ ግማሹ እንደጠፋበት ይናገራል። እሱም ፎቶ ልኳል። ያው ሰማያዊ በር። ያው ፖስተር።

«ጋሼ፣ ለሁለቱም መልሻለሁ» አለችኝ።

ጎንደር ሰፊ ናት ይባላል እንጂ ለነገር ሲሆን ጠባብ ናት። ጠበቃ ቢሮ ቢሄዱ ኖሮ መዝገቡ ይታያል፤ «ይቅርታ፣ ሌላው ወገን ቀድሞኛል» ይባላል። የጥቅም ግጭት የሚባለው የሙያው የመጀመሪያ ፊደል ነው። ኢንቦክስ ግን መዝገብ የለውም። ሁለቱንም በአንድ ቀን ይቀበላል፤ ለሁለቱም ያንኑ ፈገግ ያለ ምስል ይልካል።

ነገሩ ሲደርሰው ጠበቃው ለሁለቱም አልቆምም አለ። ደግ አደረገ። የሁለቱም ገመና ግን አንዲት የ5ኛ ዓመት ተማሪ ልብ ውስጥ ቀርቷል። እህትን የትኛው ማስረጃ እንደሚያሳስባት ልጅቷ ታውቃለች። ወንድም የትኛው ደረሰኝ እንደጠፋበት ታውቃለች። በሚቀጥለው ሴሚስተር ኤክስተርንሺፕ (የተግባር ልምምድ) የምትወጣው የት ነው ብትሉ፣ ፍርድ ቤት።

ይህ ኢንቦክስ ነው፤ ቢያንስ ዝግ ነው። ኮሜንቱ ይባስ። ሰው ጉዳዩን በሙሉ ስሙ፣ ፎቶው ላይ ሆኖ ይዘረግፈዋል። «ባለቤቴ ሳታውቅ መኪናውን ሸጫለሁ፣ ችግር አለው?» ብሎ የጻፈ ሰው ዐይቻለሁ። ከሥሩ 40 ሰው መልሶለታል። ከ40ዎቹ ውስጥ ባለቤቲቱ ወይም የሷ ጠበቃ እንደሌሉበት በምን እናውቃለን? ስክሪንሾት ለማንሳት አንድ ሰከንድ ይበቃል። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር መጠበቅ አለበት እንላለን። አደባባይ ላይ የተዘራ ምስጢር ምኑ ይጠበቃል? ቢያንስ ገጹን የሚያስተዳድረው ሰው እንዲህ ያለውን ኮሜንት ቶሎ ደብቆ «በውስጥ ይጻፉልን» ማለት ነበረበት። ግን ኮሜንት ሲበዛ ቪዲዮው ይሮጣል። ማን ይደብቃል?

የአዲስ አበባ ሕግ፣ የጎንደር ተመልካች

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልምጣ። ብዙ ተከታይ ያላቸው የሕግ ገጾች የሚሠሩት አዲስ አበባ ነው። ጎበዞች አሉ፤ አላንቋሽሽም። ግን ስለ ጋብቻና ፍቺ ሲናገሩ የሚጠቅሱት የተሻሻለውን የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 213/1992። እሱ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። እኛ ጋ ያለው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995። ብዙው ነገር ይመሳሰላል። ቢሆንም አዋጁ ሌላ፣ የአንቀጹ ቁጥር ሌላ ነው። አንዲት ሴት ከቪዲዮ ቀድታ «በአንቀጽ እንትን መሠረት» የሚል ማመልከቻ ይዛ ስትመጣ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ዐይኑን ያንከባልላል።

የገጠር መሬት ሲሆን ከዚህ ይከፋል። ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ ይህ ለሁሉም አንድ ነው። ከዚያ በታች ያለው ግን፣ ማን ይወርሳል፣ ኪራዩ እንዴት ይመዘገባል፣ በየክልሉ የተለያየ ነው። በአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 252/2009 አለ። ስለ ኦሮሚያ የተሠራ ቪዲዮ ደምቢያ ላለ ገበሬ ቢደርሰው ምን ይጠቅመዋል? ቋንቋው አማርኛ ስለሆነ ብቻ የሱ ሕግ ይመስለዋል። አልጎሪዝሙ ቋንቋ እንጂ ክልል አያውቅም።

በአንጻሩ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ለመላ አገሪቱ አንድ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ይህን ከአዋሳ ብትሰማው ከጎንደር ያው ነው። የመደበኛ ፍትሐ ብሔር ጉዳይ የይግባኝ ጊዜም እንዲሁ። 60 ቀን ነው፤ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ያለው ነው። እንዲህ ያለው በቪዲዮ ቢነገር እሰየው። ስንት ሰው ነው «ቆይ ገንዘብ ላሰባስብ» ሲል ቀኑ ያለፈበት!

እንግዲህ የጎንደር ጠበቃና የጎንደር ተማሪ የሚበልጡት እዚህ ላይ ነው። ሚሊዮን ተመልካች ከአዲስ አበባው ሊቀሙ አይችሉም። አያስፈልጋቸውምም። «ይህ የሚሠራው በአማራ ክልል ነው፤ የምትሄዱት ወደዚህ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ይህን ሰነድ ይዛችሁ ሂዱ» የሚል ቪዲዮ ማን ይሠራል? ሦስት ሺህ ሰው ቢያየው በቂ ነው፤ ሦስት ሺዎቹ እዚሁ ናቸው። ይህን ለተማሪዋ ስነግራት «ጋሼ፣ ሦስት ሺህ ቪው እኮ ሙድ ያበላሻል» አለችኝ። አልተግባባንም።

ሌሎች አገሮች እንዴት አደረጉት?

አሜሪካም ጠበቃ ራሱን ማስተዋወቅ ለረጅም ዘመን ነውርም ክልክልም ነበር። በፈረንጆቹ 1976 አሪዞና ግዛት ውስጥ ጆን ቤትስና ቫን ኦስቲን የሚባሉ ሁለት ወጣት ጠበቆች ፊኒክስ ከተማ ላይ ርካሽ የሕግ ክሊኒክ ከፍተው ጋዜጣ ላይ የዋጋ ዝርዝር አወጡ። ስምምነት ላለበት ፍቺ 175 ዶላር፣ ለመዝገብ መክፈቻ 20 ዶላር። ይኸው ነው ጥፋታቸው። የጠበቆች ማኅበሩ ቀጣቸው። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1977 ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ እውነተኛ ማስታወቂያን ሙሉ በሙሉ መከልከል የመናገር ነጻነትን ይነካል አለ። ከዚያ በኋላ የመጣውን እናውቃለን። ዛሬ የአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ «መኪና ገጭቶሃል? ደውል!» የሚል የጠበቃ ፎቶ ሞልቷል።

ህንድ ተቃራኒው ናት። ማስታወቂያ ክልክል ነው። በፈረንጆቹ 2008 ግን ጠበቃ በድረ ገጽ ላይ ስሙን፣ አድራሻውን፣ የምዝገባ ቁጥሩንና የሚሠራበትን የሕግ ዘርፍ እንዲያወጣ ተፈቀደ። በ2024 ደግሞ የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጠበቆችን እንደ ሸቀጥ ዘርዝረው ደንበኛ የሚያገናኙ ድረ ገጾችን የሚያስቆም ጠንካራ ውሳኔ ሰጠ።

እኔን ከአሜሪካው ታሪክ የሚገርመኝ ፍርዱ ሳይሆን ጋዜጣው ላይ የወጣው ነገር ነው። ዋጋ! ለጎንደር ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው ማስታወቂያ ይህ ይመስለኛል። የወራሽነት ማረጋገጫ ለማውጣት ጠበቃ ስንት ይጠይቃል? ውል ለማዘጋጀት ስንት? ሰው ጠበቃ ቢሮ የማይገባው ሕግ ስለማያውቅ ብቻ አይደለም፤ ሲገባ ስንት እንደሚባል ስለማያውቅ ነው። ሰው ሐኪም ቤት እንኳ የካርድ ዋጋ ጠይቆ ይገባል። እኔ እስካሁን ባየኋቸው የጠበቃ ቪዲዮዎች ላይ ከረባት አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ «ላይክና ሼር» አለ። ዋጋ የለም።

ስለዚህ እኔ በከልካዮቹ ወገን አይደለሁም። ስም፣ የፈቃድ ዓይነት፣ የሚሠራበት ዘርፍ፣ ክልሉ፣ ዋጋው ይነገር። «አስረታለሁ» አይባል። የደንበኛ ታሪክ፣ ስሙ ቢቀየር እንኳ፣ አይወራ፤ ጎንደር ላይ ስም መቀየር ምንም አይሸፍንም፤ ሰፈሩን ስትነግረኝ ሰውየውን አውቀዋለሁ። ማሳሳት ለማንኛውም ነጋዴ በማስታወቂያ አዋጁ ቁጥር 759/2004 ክልክል ነው። ለጠበቃ ሲሆን ከነጋዴ ያነሰ ሊጠበቅበት አይገባም።

ዳታ ሲጠፋ

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራት። ዋይፋይ ያለበት ሆቴል በር ላይ ተሰብስቦ የሚቆመውን ሰው አስታውሳለሁ። ገጽ ያላቸው ሁሉ ገጻቸው ቆመ። ደንበኛውን በሙሉ በኢንቦክስ ያገኝ የነበረ ሰው በአንድ ሌሊት ደንበኛ አልባ ሆነ። ተመልካቹ አልሞተም፤ ወደ አዲስ አበባዎቹ ገጾች ሄደ እንዳልል እሱም ኢንተርኔት አልነበረው። ዝም ብሎ ጠፋ። ዳታው ሲመለስ ሁሉም ከዜሮ ነው የጀመረው።

ታፔላው ግን አልወረደም። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ሽማግሌም ጠረጴዛቸውን አላነሱም።

ዩኒቨርሲቲው ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ማዕከላት አሉት። ተማሪዎች በመምህራን ክትትል ሥር ለድሃው ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ያማክራሉ። እዚያ የሚሠራ ተማሪ አለቃ አለው፤ የሚመዘገብበት መዝገብ አለው፤ «ይህን አትመልስ» የሚለው ሰው አለው። ቪዲዮ የምትሠራዋ ልጅ እነዚህ ሦስቱም የሏትም። ሁለቱን ማገናኘት ከባድ አይመስለኝም። ለጠበቃ ገጽ የሚሠራ ተማሪ ሥራውን እንደ ኤክስተርንሺፕ ያስመዝግብ። ጠበቃው የሚላከውን መልስ ይፈርም። ኢንቦክስ ለመጣ ሰው ከመልሱ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ተከራካሪዎ ማን ነው? ይህቺ አንድ ጥያቄ ሰማያዊውን በር ታድነው ነበር። ለልጅቷ ነግሬያት አሁን ከገጹ አናት ላይ ለጥፋዋለች። «ሰው ጥያቄውን ሲያይ ይሸሻል» ብላ ታማርራለች እንጂ።

ባለፈው ረቡዕ የራሴን የኪራይ ውል ጉዳይ ይዤ ፍርድ ቤት ሄጄ ነበር። ሽማግሌው እንደ ወትሮው ጃንጥላቸው ሥር ናቸው። ካርቦኑን በሁለት ወረቀት መሃል አስገብተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ይጽፋሉ። ሁለት ሰው ወረፋ ይዟል። የፊተኛው ጋቢ የለበሰ ሰው ነው፤ ስልኩን አውጥቶ ወደ ሽማግሌው አስጠጋ። ከሩቁ ድምፁን ለየሁት። የልጅቷ ጠበቃ ነው፤ ስለ ቀብድ የሚያወራው።

«እሱ እንዲህ ይላል» አላቸው ሰውየው። «አንቱስ ምን ይላሉ?»

ሽማግሌው ብዕራቸውን አስቀመጡና ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።